መንገድን አራዳ የሚያደርገው ማን ነው?

ባለፈው ዓመት፣ ሙቀቱ በጠናበት አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ ወደ ቤይሩት ከመጣች ስድስት ወር ያልሞላት አንዲት እህታችንን ይዤ በማር ሚካኤል ሰፈር በአርመንያ መንገድ ላይ እየሄድን ነበር። ልጅቷ ከማዳሟ ቤት ወጥታ ከተማውን ስታይ የመጀመሪያዋ ነው። በረንዳው ላይ የተንጠለጠለውን አበባ፣ ግድግዳው ላይ የተሳለውን ሥዕል፣ በየካፌው በር ላይ ቆመው የሚሳሳቁትን ወጣቶች እያየች፣ «እትዬ፣ ይሄ ሰፈር እንዴት አራዳ ነው!» አለችኝ።

ሳቅ አልኩ። ልጅቷ የወሎ ልጅ ናት፤ አዲስ አበባን የምታውቀው አውሮፕላን ለመሳፈር ባደረችበት አንድ ሌሊት ብቻ ነው። «አራዳ» የሚለውን ቃል ግን እንደ ማንኛውም ወጣት ታውቀዋለች፤ የነቃ፣ የዘነጠ፣ ጨዋታ የሚያውቅ ማለት ነው። እኔ ደግሞ እዚያው አራዳ ነው የተወለድኩት፤ ዶሮ ማነቂያ፣ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በእግር ጥቂት ደቂቃ የሚያስኬድ ቦታ። ለኔ ቃሉ መጀመሪያ የሰፈር ስም ነው። አሁን ሰፈራችን ፈርሷል፤ ስሙ ግን በሰው አገር መንገድ ላይ፣ ሰፈሩን አይታው በማታውቅ ልጅ አፍ ላይ ሕያው ነው።

ያን ቀን ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። መንገድን አራዳ የሚያደርገው ምንድን ነው? አራዳ ከሆነ በኋላስ፣ አራዳ ያደረጉት ሰዎች የት ይገባሉ? እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ከማውቃቸው ሁለት መንገዶች ታሪክ ለመመለስ ልሞክር። አንዱ የተወለድኩበት ነው፤ ሌላው ለዓመታት የማዳሜን ዘንቢል ይዤ የተመላለስኩበት። (የአገራችንን ዘመን ስጠቅስ «ዓ.ም.»፣ የፈረንጁን ስጠቅስ «እ.ኤ.አ.» እላለሁ።)

ገበያው ሄደ፣ ስሙ ቀረ

አራዳ በዐፄ ምኒልክ ዘመን የአዲስ አበባ ዋና ገበያ ነበር። በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ከየአገሩ የመጣ ሰው እህሉን፣ ቅቤውን፣ ጨውን፣ ከብቱን ይዞ ይሰበሰባል። በገበያው ዙሪያ አርመኑ፣ ግሪኩ፣ ሕንዱ፣ የመኑ ሱቅ ከፈተ። የአገሪቱ የመጀመሪያ ሆቴል የሆነው ጣይቱም የተሠራው እዚያው ነው። ጣሊያን እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1941 አገሪቱን ሲይዝ የአገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ ገፋው። ያ ዛሬ መርካቶ የምንለው ነው። ገበያው የለቀቀው ቦታ ላይ ደግሞ «ፒያሳ» የሚል ስም ቀረ፤ አደባባይ ማለት ነው በጣሊያንኛ። የአገሬው ሰው ግን አራዳ ማለቱን አልተወም። ገበያ ውስጥ ያደገ ሰው ቋንቋ ይሰማል፣ ሰው ያነባል፣ በቀላሉ አይሸወድም። ቃሉ ከሰፈሩ ወደ ሰው ጠባይ የተሻገረው በዚህ ይመስለኛል።

ከጣሊያን በኋላ ከፒያሳ ብዙም ሳይርቅ ውቤ በረሃ የሚባለው ሰፈር በምሽት ጨዋታው ስሙ ገነነ። ሹሙ፣ ተማሪው፣ ወታደሩ፣ ደራሲው ሁሉ እዚያ አምሽቷል። ስለ ውቤ በረሃ የተጻፈውና የሚወራው በአብዛኛው የጠጪው ትዝታ ነው። ቤቶቹን የከፈቱት ግን ሴቶች ነበሩ፤ ባል ሞቶባቸው ወይም ትዳር ፈርሶባቸው፣ ወይም ያለ ዕድሜ ከተዳሩበት ጠፍተው ከየክፍለ ሀገሩ ወደ ከተማ የመጡ ሴቶች። አንድ ክፍል ተከራይተው፣ መጋረጃ ጋርደው፣ ጠጅና አረቄ አቅርበው፣ ሙዚቃ ከፍተው ያንን ሰፈር አራዳ አደረጉት። እህቶቼ፣ እነዚህ ሴቶች እኮ እንደኛ ስደተኞች ነበሩ፤ ልዩነታችን እነሱ ድንበር አለመሻገራቸው ብቻ ነው። ስማቸውን የያዘ መዝገብ አይቼ አላውቅም።

ከወደቡ በላይ ያለው መንገድ

የአርመንያ መንገድም ታሪክ የሚጀምረው ከስደት ነው። እ.ኤ.አ. በ1915 በኦቶማን ግዛት ከተፈጸመው የአርመኖች ጭፍጨፋ የተረፉ ሰዎች፣ በኋላም የፈረንሳይ ጦር ከኪሊቅያ ሲወጣ የተሰደዱት፣ ወደ ቤይሩት ጎረፉ። መጀመሪያ የሰፈሩት ወደቡ አጠገብ፣ ካራንቲና አካባቢ፣ በድንኳንና በቆርቆሮ ጎጆ ነበር። ቀስ በቀስ ብዙዎቹ ወንዙን ተሻግረው ቡርጅ ሐሙድን መሠረቱ። የመንደሮቹን ስም ባጧቸው ከተሞች ሰየሙ፤ ማራሽ፣ ሲስ፣ አዳና። ከፊሎቹ ግን ከወንዙ ወዲህ፣ ማር ሚካኤል ቀሩ።

ማር ሚካኤል ድሮም የሠራተኛ ሰፈር ነው። ቤይሩትን ከደማስቆ ያገናኘው ባቡር እ.ኤ.አ. በ1895 ሥራ ሲጀምር ጣቢያው እዚያ ነበር፤ በ1930ዎቹ ደግሞ የቢራ ፋብሪካ ተከፈተ። ወደብ፣ ጣቢያና ፋብሪካ ባለበት ሠራተኛ አለ፤ ሠራተኛ ባለበት ጫማ ሰፊው፣ ልብስ ሰፊው፣ አናጢው፣ ጋራዡ፣ ርካሽ ምግብ ቤቱ ይከተላል። እኔ በ2002 ዓ.ም. ስመጣ ባቡሩ ከቆመ ብዙ ዘመኑ ነበር፤ ጋራዦቹና የእጅ ሥራ ቤቶቹ ግን ገና አሉ። አሠሪዎቼ የሚኖሩት ከዳገቱ በላይ አሽረፊዬ ስለነበር፣ ጫማ ሲቀደድ፣ ሱሪ ሲጠብ፣ ረጅሙን ደረጃ ወርጄ ወደ ማር ሚካኤል የምላከው እኔ ነበርኩ።

እዚያ አንድ ሽማግሌ አርመን ጫማ ሰፊ ነበሩ። ሥራው እስኪያልቅ ከበሩ አጠገብ ያለችውን በርጩማ በእግራቸው ገፋ ያደርጉልኛል። ቁጭ እላለሁ። በዚያ ከተማ በነጻ፣ ማንም ለምን ተቀመጥሽ ሳይለኝ የተቀመጥኩባት የመጀመሪያ ወንበር እሷ ናት። አንድ ቀን አገሬን ጠየቁኝ። ሐበሻ መሆኔን ስነግራቸው፣ «አዲስ አበባ እኮ የኛም ሰዎች ነበሩ» አሉ። ልጅ ሆኜ ፒያሳ ውስጥ «የአርመን ቤተ ክርስቲያን» ሲባል እሰማ ነበር፤ ለምን አርመን እንደሚባል ጠይቄ አላውቅም። ያወቅኩት ቤይሩት፣ በጫማ ሰፊ ወንበር ላይ ሆኜ ነው።

እውነትም የሁለቱን መንገዶች ግንብ ያነሳው አንድ ዓይነት እጅ ነው። በምኒልክ ዘመን ሰርኪስ ቴርዚያን የተባለ አርመን መንገድ የሚጠቀጥቅ የእንፋሎት መኪና አስመጣ፤ ሕዝቡም «የሰርኪስ ባቡር» አለው። እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ ከጭፍጨፋው የተረፉ አርባ ወላጅ አልባ ልጆች አግኝተው ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው፤ «አርባ ልጆች» የሚባሉት የሙዚቃ ጓድ እነሱ ናቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ። ሌሎች አርመኖች ደግሞ በወርቅ ሠሪነት፣ በልብስ ስፌት፣ በጫማ ሥራ፣ በማተሚያ ቤት ፒያሳን ከነፍስ ጋር አገናኙት። ቤይሩት የቀሩትም ማር ሚካኤል ላይ ይህንኑ አደረጉ። አራዳነት እንግዲህ ከሀብታም ቤት አልወጣም፤ አገር ያጣ ሰው እጁ ላይ የያዘውን ሙያ ዘርግቶ ሲቀመጥ የመጣ ነው።

የማይታየው ግንበኛ

ሁለቱን መንገዶች ያቆማቸው አንድ ሌላ ነገር አለ፤ በዓይን ስለማይታይ ማንም አያደንቀውም። ርካሽ ኪራይ ነው።

ሊባኖስ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1992 በፊት የተፈረመ የኪራይ ውል በሕግ የተጠበቀ ነበር፤ አከራዩ እንደፈለገ መጨመርም ማስወጣትም አይችልም። በእርስ በርስ ጦርነቱ ዘመን የሊባኖስ ገንዘብ ዋጋ ሲወድቅ የድሮው ኪራይ ስም ብቻ ሆነ። ጫማ ሰፊው፣ አናጢው፣ ጋራዡ ለዓመታት እዚያው የቆዩት በዚህ ነው። አገራችን ውስጥ ደግሞ በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ኪራያቸው በወር ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ፤ ኪራይም ተቀነሰ። እናቴ እኔን የወለደችበት ቤት የቀበሌ ነው። የምትከፍለው ከአንድ ኪሎ ቡና ዋጋ አይበልጥም ነበር።

ርካሽ ኪራይ ለመንገድ ምን ያደርጋል? ሰው እንዲቆይ ያደርጋል። የቆየ ሰው ጎረቤቱን ያውቃል፣ በዱቤ ይሰጣል፣ የሰው ልጅ ሲያጠፋ ይቆጣል፣ በሩን ከፍቶ ይቀመጣል። ትንሽ የምታተርፍ ሥራም መኖር ትችላለች፤ ቁልፍ መቅረጽ፣ ሽሮ መሸጥ፣ ፀጉር መሥራት። መንገድ ላይ ስንሄድ «ደስ ይላል» የምንለው ይህን ነው፤ በየአሥር እርምጃው የተለየ ሰው፣ የተለየ ሥራ፣ የተለየ ሽታ። የቤይሩት መሃል ከተማ ከጦርነቱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1994 በተቋቋመው ሶሊደር በተባለ ኩባንያ እንደገና ሲሠራ ድንጋዩ ተወለወለ፣ ውድ ሱቅ ተደረደረ። ውብ ነው። ግን በዚያ ሳልፍ ማንም ሲጨቃጨቅ፣ ማንም በር ላይ ቡና ሲጠጣ አላየሁም። የድሮ ነዋሪዎቹና ቸርቻሪዎቹ የሉማ!

እውነቱን ግን ልደብቅ አልፈልግም። ርካሽ ቤት ማንም የማያድሰው ቤት ነው። አከራዩ ምን አገኝ ብሎ ያድስ? የቀበሌ ቤታችን ጣሪያ ያፈሳል፤ መጸዳጃው ለብዙ አባወራ አንድ ነው። እኔ ወደ ሰው አገር ከወጣሁባቸው ምክንያቶች አንዱ ያ ጣሪያ ነበር። «የድሮው ሰፈር ገነት ነበር» የሚለኝ ሰው በክረምት ሌሊት ባልዲ ደቅኖ አድሮ የማያውቅ ሰው ነው።

አራዳነት ሲሸጥ

እ.ኤ.አ. በ1964 ሩት ግላስ የተባሉ የለንደን ተመራማሪ የሠራተኛ ሰፈሮች በመካከለኛው መደብ እጅ ሲገቡ አይተው ለነገሩ ስም አወጡለት፤ ጄንትሪፊኬሽን። በኛ አባባል «ሰፈሩን የባላባት ማድረግ» እንደማለት ነው። ቅደም ተከተሉ በብዙ ከተማ ይመሳሰላል፤ እኔም ማር ሚካኤል ላይ ደረጃ በደረጃ አይቼዋለሁ።

ከ2000 እስከ 2010 ባሉት የፈረንጅ ዓመታት መጠጥ ቤቱ ሁሉ የነበረው አጠገቡ ባለው ጀማይዜ ነው። እዚያ ኪራይ ሲወደድ፣ ነዋሪውም በጩኸቱ ሲማረር፣ ገንዘብ የሌላቸው ወጣት ሠዓሊዎችና ዲዛይነሮች ወደ ማር ሚካኤል ተሻገሩ። ጋራዡ አጠገብ የሥዕል ቤት፣ ልብስ ሰፊው አጠገብ የመጻሕፍት ሱቅ ተከፈተ። ያን ጊዜ መንገዱ በጣም ያምር ነበር፤ አሮጌውም አዲሱም ጎን ለጎን ነበርና። ቀጥሎ መጠጥ ቤቶቹ መጡ። ከነሱ በኋላ ቤት ገዢዎቹ መጡ፤ እነሱ የገዙት ግንቡን ብቻ ሳይሆን የመንገዱን ስም ጭምር ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የድሮውን ኪራይ በየዓመቱ እየጨመረ ወደ ገበያ ዋጋ የሚያደርስ ሕግ ወጣ። የቢራ ፋብሪካው በ2017 ፈረሰ። በአሮጌው የባቡር ጣቢያ ቅጥር ውስጥም መጠጥ ቤት ተከፍቶ የሌሊት ጭፈራ ተጀመረ።

ጫማ ሰፊው ከዚያ ሁሉ በፊት፣ በ2006 ዓ.ም. ሄዱ። ሕንጻው ተሸጠ፣ ለመልቀቂያ ትንሽ ገንዘብ ተሰጣቸው፣ ቡርጅ ሐሙድ ልጃቸው ጋ ገቡ። ይህን የነገረኝ ጎረቤታቸው ነው፤ እኔ የማዳሜን ጫማ ይዤ ስደርስ በሩ ተቀይሮ ነበር። ከወራት በኋላ እዚያው ቦታ ካፌ ተከፈተ። ጓደኛዬና እኔ አንድ እሁድ ብራችንን ይዘን፣ ለብሰን፣ ልንቀመጥ ሄድን። አስተናጋጁ «ተይዟል» አለን። ወንበሮቹ ባዶ ነበሩ። በዚያው በር ላይ፣ በዚያው ስፋት፣ ያለ ገንዘብ እቀመጥ የነበርኩ ሰው በገንዘቤ መቀመጥ አቃተኝ። የዚያን ቀን መንገዱ እንደ ተለወጠ ማንም ሳያስተምረኝ ገባኝ።

ከዚያ ነሐሴ 4 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. መጣ። ወደቡ ላይ የተከማቸው 2,750 ቶን አሞኒየም ናይትሬት ፈነዳ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ፣ ወደ 300,000 ሰው ቤት አልባ ሆነ። ማር ሚካኤል፣ ጀማይዜና ካራንቲና ለወደቡ ቅርብ ስለሆኑ ክፉኛ ተመቱ። ማግስቱን መጥረጊያ ይዘን ወርደን መስታወት ስንጠርግ ቤት ገዢዎች ዋጋ እየጠየቁ ነው የሚል ወሬ ተሰማ። በመከር ወቅት የወጣ ሕግ በተጎዱት ሰፈሮች የቤት ሽያጭን ለሁለት ዓመት አገደ። መጠጥ ቤቶቹ ቶሎ ተመልሰው ተከፈቱ። ከፍንዳታው በፊት የማውቃቸውን አሮጊቶች ግን በረንዳው ላይ መልሼ አላየኋቸውም።

ማር ሚካኤል ላይ ዓመታት የፈጀው ዶሮ ማነቂያ ላይ በቀናት አለቀ። በየካቲት 2016 ዓ.ም. የዓድዋ ድል መታሰቢያ ፒያሳ ላይ ተመረቀ፤ ብዙም ሳይቆይ ለኮሪደር ልማቱ መንደሩ ተነሳ። እናቴ ደውላ «ቤቱ ሊፈርስ ነው» አለችኝ፤ በሚቀጥለው ስትደውል «ፈርሷል» አለች። ከመጀመሪያ ዓመት ደመወዜ አጠራቅሜ ጣሪያውን ያለበስኩበት ቆርቆሮ አብሮ ሄደ። ቤቱ የቀበሌ ነውና የኔ ቆርቆሮ በማንም መዝገብ ላይ የለም።

ዛሬ መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ ያምራል፣ የእግረኛው መሄጃ ንጹሕ ነው። ፎቶውን አይቻለሁ፤ ክፉ አልናገርም። እናቴም በሩቅ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የራሷ መጸዳጃ አላት፤ በስተርጅና ይህን በማግኘቷ እግዚአብሔርን ታመሰግናለች። ያጣችው ደንበኞቿን ነው። አርባ ዓመት በርበሬና ሽሮ የምትሸጠው በሯ ላይ በርጩማ ዘርግታ ነበር። አራተኛ ፎቅ ላይ በር ላይ ማን ያልፋል?

የኛ መንገድ

ይህን ሁሉ የምጽፈው ለትዝታ ብቻ አይደለም። እኛም መንገድ አለን፤ ዶራና ቡርጅ ሐሙድ። እሁድ እሁድ እንጀራ የምንገዛበት፣ ፀጉር የምንሠራበት፣ ገንዘብ የምንልክበት፣ ከማዳም ቤት የወጣች ልጅ ሻንጣዋን የምታስቀምጥበት መንገድ። እነዚያን ምግብ ቤቶችና ሱቆች የከፈቱት እንደ ውቤ በረሃዎቹ ሴቶች አንድ ክፍል ተከራይተው የጀመሩ እህቶቻችን ናቸው። ሰፈሩን ከመቶ ዓመት በፊት ስደተኛ አርመን ሠራው፤ አሁን ኑሮ እየጨመርንበት ያለነው ደግሞ እኛ ነን። ጎብኚን ምግብ እያስቀመሱ የሚያዞሩ አስጎብኚዎችም መምጣት ጀምረዋል። ይምጡ፤ እንጀራችንን ቢቀምሱ ደስታችን ነው። ግን ማር ሚካኤልን ያየ ሰው ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ መገመት አያቅተውም፤ ያን ጊዜ ደግሞ ለኛ የሚከራከር የድሮ ውል የለም፤ ብዙዎቻችን በስማችን የተጻፈ ውል እንኳ የለንም።

ሕግ ማውጣት አንችልም፤ ድምፅ የለንም። ሁለት ነገር ግን ከእጃችን አይወጣም። አንደኛ፣ ሱቅ ያላችሁ እህቶች፣ ውላችሁን በጽሑፍ አድርጉት፤ የከፈላችሁበትን ደረሰኝ አትጣሉ፤ ከቻላችሁ ሦስት አራት ሆናችሁ ተከራዩ። ሁለተኛ፣ ስማችሁን አስመዝግቡ። ዶራ የመጀመሪያውን የሐበሻ ምግብ ቤት ማን ከፈተ? እንጀራ መጋገር ማን ጀመረ? የታመመችውን ማን አስጠጋ? የምታውቁ ወደ መጽሔታችን ጻፉ፤ መጻፍ ለሚከብዳችሁ እሁድ መጥተን እንሰማለን። የውቤ በረሃዎቹ ሴቶች ያላገኙትን እኛ ለራሳችን እናድርግ።

ባለፈው ሳምንት ለእናቴ ስደውል ነፋስ ይሰማል። «የት ነሽ እማዬ?» አልኳት። በርጩማዋን ይዛ አራት ፎቅ ወርዳ፣ ከደረጃው ሥር፣ ሽሮዋን በሳህን አድርጋ ቁጭ ብላለች። የሸጠችው አንድ ኩባያ ብቻ ነው። «ግን ሁለት ሴቶች ወንበር ይዘው መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ» አለችኝ። «አንደኛዋ የእሪ በከንቱ ልጅ ናት። ነገ ጀበና ይዤ እመጣለሁ ብላለች።»